እትዬ ጣት እና ቀዳዳው ካፖርት

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ለወፈረው አሰፋለሁ፣ ለከሳው አጠባለሁ፤ የደንበኞቼንም ወሬ በነጻ አዳምጣለሁ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። የማወራው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ሳልደብቅ ካወራሁ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ይሁን፣ የለመድኩት ነው።

እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አሥራ ስድስት። በሳምንቱ ትምህርቷን ትታ የከተማችን ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። አባታችን እዚያው የማሽን ዘይት ቀቢ ነበር፤ መልካም ሰው፣ ግን ለሴት ልጅ ፀጉር ማበጠር የማያውቅ። እኔን አጥባ፣ አበጥራ፣ አስጠንታ፣ ሲብስም ቆንጥጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እስከ ዛሬ “እትዬ” እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅም።

ፋብሪካው ውስጥ የተመደበችው ፍተሻና ጥገና ክፍል ነው። ከማሽን የወረደ ጨርቅ ሁሉ ከሥሩ መብራት በበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ እየተጎተተ ያልፋል። ፈታሾቹ ግራና ቀኝ ቆመው የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ፣ የተቋጠረ ክር ይፈልጋሉ። ሌላው ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ሲያይ እህቴ ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ትዳስስ ነበር። አንድ አዲስ የመጣ የክፍል ኃላፊ “ይቺ ቆማ ተኝታለች እንዴ?” ብሎ ሊቆጣ አጠገቧ ሲደርስ እጅጌው እጇን ነካት። ዓይኗን ሳትገልጥ “ጌታዬ፣ የእጅጌዎ ቁልፍ በአንድ ክር ነው የቀረው፤ ከመውደቁ በፊት ያሰፉት” አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ “እትዬ ጣት” ሆነ። አለቃውም ሠራተኛውም፣ ጎረቤቱም እንደዚያ ይጠራታል።

ሁለት ሕግ ነበራት፤ የፋብሪካው ይሁን የራሷ አላውቅም። አንደኛው፣ ከጠገነችው ቦታ ሁሉ ትይዩ፣ የጨርቁ ጠርዝ ላይ፣ አጭር ቀይ ክር ታስራለች። “የተጠገነ ነገር ካልተፈረመበት ሌብነት ነው፤ ገዢው ማወቅ አለበት” ትላለች። ሁለተኛው፣ በዓይኗ ያላየችውን ወይም በጣቷ ያልነካችውን እንከን መዝገብ ላይ አትጽፍም። ሰው “ከታች በኩል ተበላሽቷል አሉ” ብሎ ሲነግራት “አሉ የሚባል እንከን የለም፤ ጨርቁን አምጣው” ነው መልሷ። በዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራች።

ትዳርም መጥቶላት ነበር፤ ከማቅለሚያ ክፍል፣ ደህና የሚመስል ሰውዬ። ሁለት ጊዜ ቤት መጥቶ ሻይ ጠጣ። በሦስተኛው አልመጣም። “ምነው?” ስላት “ኮሌታው ሁልጊዜ እንደ ተጣጠፈ ነው፤ ባየሁት ቁጥር እጄን ይበላኛል፣ እንዲህ ሆኖ እንዴት ይኖራል?” አለችኝ። እኔ እስካሁን የማምነው ግን ሳታገባ የቀረችው ለእኔ ስትል ነው። አንድ ቀን ፊት ለፊት ብጠይቃት “አንቺ ደግሞ ራስሽን ትልቅ ነገር አታድርጊ” ብላ አፌን አስያዘችኝ።

እኔ አግብቼ ከዚያች ከተማ ወጣሁ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። እሷ በሠራተኞች ሰፈር በአባታችን ቤት ቀረች። ሰፈሩ አርባ ቤት ነው፤ ሃያ በዚህ፣ ሃያ በዚያ፣ መሃሉ መንገድ። በሩም መስኮቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰካራም የሰው ቤት ገብቶ ይተኛ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ያ ሰፈር እንደ ሽማግሌ ጥርስ አንድ በአንድ ረገፈ። እትዬ የቻለችውን ያህል ቆየች። ከዚያ በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፋ፣ ልብሷን በቆርቆሮ ሻንጣ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ገና ደጃፉ ላይ ቆማ “ለጊዜው ነው” አለችኝ። ይኸው ስድስት ዓመት።

የሰጠኋት ክፍል ልብስ መስቀያ የለውም። “እትዬ፣ ከበሩ ጀርባ ምስማር ልምታልሽ” ስላት “እንግዳ የሰው ግድግዳ አይበሳም” ትለኛለች። ልብሷን ጠዋት ከሻንጣው ታወጣለች፣ ማታ አጣጥፋ ትመልሳለች። “ቤቴ ስመለስ” ሳትል የምታልፈው ሳምንት የለም። ቤቴ ስመለስ መጋረጃውን እቀይራለሁ። ቤቴ ስመለስ የመስኮቱን ማጠፊያ ዘይት እቀባለሁ። መጀመሪያ ላይ “እትዬ፣ የምን ቤት? እዚያ ማን ቀረ?” እያልኩ እከራከራት ነበር። በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ክፋቱ፣ እዚህ የምትጠግነው ነገር አጣች። የቤቱን ካልሲ ሁሉ ደፍና ጨረሰች። የጎረቤትን ደፈነች። ከዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ እጇን እጇ ላይ ጭና፣ መንገድ ማየት ሆነ ሥራዋ። ድሮ ስትሠራ ታንጎራጉር ነበር፤ ቃል የሌለው ዜማ፣ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ የምታወጣው። በልጅነቴ እሱን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። እኔ ቤት ከገባች ወዲህ ግን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ያንገበግበኝ የነበረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አክስቷ ዘንድ እልካት ስለነበር፣ ልጅነቷ ያለው እኔ ጋ ሳይሆን እዚያ ሰፈር ነው። ዛሬ የልብስ ዲዛይን ተማሪ ናት። መመረቂያዋ አምስት ልብስ ሠርታ በትርኢት ማሳየት ነው። ከተማሪዎቹ ሦስት ይመረጡና ለአንድ ዓመት የትምህርት ቤቱ የሽመና ክፍል ይከፈትላቸዋል፤ የሽመና ዕቃው፣ ክሩ፣ ማቅለሚያው። ልጄ በሕይወቷ ይህን ያህል የፈለገችው ነገር የለም። ትዳር እንዲህ ብትፈልግ ኖሮ እስካሁን አያት ሆኜ ነበር።

ርዕስ አድርጋ የመረጠችው ያቺኑ ከተማ ነው። ፎቶ ልብስ ላይ ማተም አልፈለገችም፤ ጨርቁ ራሱ ያስታውስ ነው የምትለው። ከፋብሪካው በር የተፋቀ ዝገት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳምንት አስቀመጠችና ጨርቁ ቡናማ በቡናማ ሆነ። እኔ ዕድሜ ልኬን ዝገት ለማስለቀቅ ስፈትግ የኖርኩ ሴት፣ የወለድኳት ልጅ ሆን ብላ ዝገት ታስይዛለች! ከስሚንቶ ጆንያ የመዘዘችውን ክር ከሐር ጋር ሸምና ቀሚስ ሰፋች፤ ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል። በፋብሪካው አየር ላይ ይበን የነበረውን የጥጥ ብናኝ በሁለት ስስ ጨርቅ መሃል በትና ሸሚዝ አደረገችው። ጨርቅ ጡብ ግድግዳ ላይ ለጥፋ በከሰል እያሸች የጡቡን መልክ ያነሳችበት ጉርድም አለ። እትዬ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸውና “ጎሽ” ብላ ወጣች። የእትዬን ጎሽ የማያውቅ ሰው ምስጋና ይመስለዋል።

ዋናው ግን አምስተኛው ነው፤ ካፖርቱ። ግራጫ፣ ከባድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ። ጨርቁን ራሷ ናት የሸመነችው፤ ስምንት ወር። ሃያ ሁለት ቦታ ላይ ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ ሳታስገባ ድሩን ብቻ ተወችው፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ትንሽ መስኮት መሰለ። ካፖርቱ የሰፈሩ መንገድ ነው፣ ቀዳዳዎቹ ባዶ የቀሩት ቤቶች። ባለፈው ዓመት እዚያ ድረስ ሄዳ፣ አንድ በአንድ ቆጥራ፣ ደብተር ላይ ስላ መጥታለች። ለአክስቷ አልነገረቻትም፤ በትርኢቱ ቀን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ልታሳያት ነው ሐሳቧ። ለእኔ ግን ደብተሩን ገልጣ አሳይታኛለች። አውቅ ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ በኋላ “ምስኪን፣ ሳታውቅ ነው” ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ።

ትርኢቱ ቅዳሜ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ካፖርቱን ቤት አምጥታ ሰቀለችው፤ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። እሷ ጓደኛዋ ዘንድ እያደረች የቀሩትን አራት ልብሶች በሚለብሷቸው ልጆች ልክ ልታስተካክል ሄደች። በማግስቱ ሱቅ ሆኜ ደወለችልኝ።

“እማ፣ ካፖርቱን ማንም እንዳይነካው። ለአክስቴም ንገሪያት፤ ታውቂያታለሽ።”

“እሺ” አልኳት።

በዚያ ጠዋት ግን ከእትዬ ጋር ተኳርፈናል፤ በካውያ ገመድ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች በካውያ ገመድ ይኮራረፋሉ ወይ የሚል ካለ እህት የለውም ማለት ነው። ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታም ኩርፊያው አልወጣልኝም፣ ሳልነግራት ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ቤት ስገባ ከመስፊያው ክፍል ዜማውን ሰማሁት።

በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እትዬ መስኮቱ ሥር ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ረጅም መርፌ ከድሩ በላይ በታች፣ በላይ በታች እያደረገች ታንጎራጉራለች። ሰባት ቀዳዳ ተደፍኗል። የተደፈኑ መሆናቸውን ያወቅኩት ጠርዙ ላይ ሰባት ቀይ ክር ስለ ነበረ ብቻ ነው።

“መጣሽ?” አለችኝ፣ ኩርፊያው ድራሹ ጠፍቶ። “ነይ እስኪ እዪ! ሃያ ሁለት ቦታ ማግ ዘሎባታል! አስተማሪ ነን የሚሉት ዓይን የላቸውም? ልጅቷ ይህንን ይዛ ሰው ፊት ልትቀርብ? እኔ በቁሜ እያለሁ?”

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ልነግራት ከፍቼዋለሁ። ፊቷን ሳየው ግን ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ ስታይ የኖረችው ሴትዮ አልነበረችም፤ ያ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ የማውቃት፣ ሁሉ የሚፈራት እህቴ ናት። አንጀቴን በላችው። አፌን መልሼ ዘጋሁ። “ዝም አይነቅዝም” ይላሉ። ይነቅዛል እናንተ! እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

ያም አልበቃኝ። “ከዚህ ግራጫ ክር የተረፈ የለም?” ስትለኝ ከልጄ ዕቃ ውስጥ ፈልጌ ጥቅሉን አምጥቼ ሰጠኋት። ሻይ አፍልቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ። አራት ቀን ሠራች። ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ አድርጋ፣ በዚያው በተጣላንበት ካውያ ተኩሳ፣ ሰቀለችው። ካፖርቱ ምንም አልሆነም፤ ክፋቱ እሱ ነው። እንደ ማንኛውም ካፖርት ሙሉ ሆነ።

ልጄ ረቡዕ ከሰዓት መጣች። ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደችና አየችው። ገለበጠችው። መልሳ ገለበጠችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጄን በአፌ ጫንኩ። እትዬ ከወንበሯ ሆና እየሳቀች “የደፈንኩበትን ቦታ በጣትሽ ካገኘሽው ውሻ በይኝ!” አለቻት።

ልጄ በእጇ ዳሰሰች፤ ከትከሻው እስከ ታች። ምንም። ከዚያ ካፖርቱን እንዳቀፈች መሬት ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ተነስታ ራሷን ደባበሰቻት። “አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ። ይህ እኮ በማንም ይደርሳል። እኔም ጀማሪ ሆኜ ስንቱን አሳልፌአለሁ። ይኸው አለፈ።” ለቅሶውን ምስጋና አድርጋ ወሰደችው። ልጄ ቀና ብላ አየቻት። ምላሷ ጫፍ ላይ የነበረውን ነገር ስትውጠው በዓይኔ አየሁ። “አመሰግናለሁ፣ አክስቴ” አለች።

ወጥ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። ከዚያ በኋላ የተባባልነው በሹክሹክታ ነው፤ ግን እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

“አልነገርሻትም?”

“አልነገርኳትም።”

“ረስተሽ ነው?”

እዚህ ላይ “አዎ” ብል ኖሮ ባለቀልኝ ነበር። “አልረሳሁም። ስትሠራ አግኝቻታለሁ። ክሩንም ያቀበልኳት እኔ ነኝ።”

ልጄ ገንፎ እንደ ፈሰሰበት ሰው እጇን አራገፈች። “እማ! ስምንት ወር! ቅዳሜ እኮ ነው! ለምን?”

“ስታንጎራጉር ሰማኋት።”

“አንቺ የእኔ እናት ነሽ ወይስ የእሷ እህት?”

“ሁለቱንም ነኝ” አልኳት። “ጣጣው እሱ አይደል?”

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እትዬ ከውስጥ ሆና “ልጅቷ ሳትበላ ሄደች እንዴ?” ትለኛለች። “ሥራ አለባት” አልኩ። ለእሷም ዋሸሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ እህቴን ደስ ላሰኝ ብዬ ልጄን ያስቀየምኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ይገባኛልም።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ልጄ ናት፤ ዓይኗ አብጧል፣ ደብተሩን ይዛለች። ካፖርቱን አወረደችና ከእትዬ ፊት ተቀመጠች። በመቀስ ልትቆርጠው አስባ እንደ ነበር በኋላ ነግራኛለች፤ ግን የተቆረጠ ቀዳዳ ቁስል እንጂ ባዶ ቤት አይመስልም አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቀዩ ክር ነው።

“አክስቴ፣ ይህ ጠርዙ ላይ ያለው ምንድን ነው?”

“ፊርማዬ ነዋ። የተጠገነ ነገር ካልተፈረመበት ሌብነት ነው።”

ልጄ ቆጠረች። ሃያ ሁለት። ከዚያ ደብተሩን ገለጠችና ሁሉንም ነገረቻት። ይህ መንገዱ፣ ይህ ግራው፣ ይህ ቀኙ። ይህ ቀዳዳ እንከን አልነበረም፣ ሰው የወጣበት ቤት ነው። ቀስ ብላ ነው የነገረቻት፣ ሳትቆጣ። እትዬ ደብተሩን አላየችም፤ የምታየው የራሷን እጅ ነው።

“ሆን ብለሽ ነው?” አለች።

“አዎ።”

“ሁሉንም?”

“ሁሉንም፣ አክስቴ።”

ወደ እኔ ዞረች። “አንቺስ ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር፣ እትዬ።”

“ክሩን አንቺ አይደለሽ ያመጣሽልኝ?”

“እኔ ነኝ።” ለምን ብላ ሳትጠይቀኝ “ታንጎራጉሪ ነበር” አልኳት። እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። እትዬ መሐረቧን ከጉያዋ አውጥታ ወረወረችልኝ። “አፍንጫሽን ጥረጊ” አለች፣ ልክ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደምትለኝ። ከዚያ ለልጄ፦ “መርፌ ስጪኝ። ያስገባሁትን ማውጣት አያቅተኝም።”

አቃታት። ቀዩ ክር ቁመቱን ይናገራል እንጂ በአግድም የት እንደሆነ አይናገርም። ዓይኗን ጨፍና ዳሰሰች፤ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ተመለሰች። ራሷ የደፈነችውን ራሷ ማግኘት አልቻለችም። ልጄ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። እትዬም “እንግዲህ እኔም ራሴን ውሻ ማለት አልችልም!” አለች፣ ትንሽ እንደ ተናደደች፣ ትንሽ ደግሞ እንደ ኮራች። ከሁለት ቀን ወዲያ የቀረን ጊዜ አልነበረም፤ ቢሆንም በዚያች ሰዓት ሦስታችንም ሳቅን።

በደብተሩ መሠረት መለካት ጀመሩ። ልጄ በማስመሪያ ለካችና ጣቷን አሳረፈች። “ይህ የእንፋሎት ማሞቂያው ሠራተኛ ቤት ነው።”

እትዬ መርፌውን አስጠጋችና ቆመች። “ባዶ ነው ያለው ማነው?”

“አይቼዋለሁ፣ አክስቴ። መስኮቱ ተሰብሯል።”

“የተሰበረ መስኮት ያለው ሰው ሁሉ ሄዷል ማለት ነው? እኔ ስወጣ እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ሻንጣዬን አንስቶልኛል። ሲወጣ አላየሁትም። ያላየሁትን እንከን አልጽፍም።” መርፌውን አነሳች። “ቀጥዪ።”

የሁለቱ እህትማማቾች ቤት፤ ሲወጡ አላየችም። የጥበቃው ቤት፤ “ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ይሆናል፣ እሱ እግሩ አያርፍም።” የሚስቱን ሬዲዮ ሁልጊዜ የሚሰብረው ሰውዬ ቤት፤ “እሱስ ቢሄድ ደግ፣ ግን አላየሁም።” እያንዳንዱን ሰው በጠባዩ እያስታወሰች፣ መርፌውን እያስጠጋችና እያነሳች አለፈች። ከሰዓቱ ጋር የልጄ ፊት ሲጨልም አየሁ፤ ቅዳሜ እየመጣ ነው፣ አንድም አልተከፈተም። በመጨረሻ ልጄ ማስመሪያውን አሳረፈች፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አልጠራችም።

“ይህስ?” አለች እትዬ።

ልጄ ጣቷን ከቦታው አላነሳችም። እኔም በቀኝ በኩል ያሉትን በሮች በልቤ ቆጠርኩና ገባኝ።

“ያንቺ ነው” አለች ልጄ።

እትዬ እጇን ቦታው ላይ አደረገች። “ሄደሽ አይተሽዋል?”

“ከውጭ። ተቆልፏል።”

“ሁለት ጊዜ ነው የቆለፍኩት። ያ ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ይከዳል።” ቀጥላም፦ “መጋረጃዬስ?”

“አለ፣ አክስቴ። ፀሐይ በልቶት ነጭ ሆኗል።”

“አረንጓዴ ነበር” አለች እትዬ። “የገዛሁት ይቺ ስታገባ ነው።” ይቺ ማለት እኔ ነኝ። ከዚያ እትዬ መርፌውን አነሳች። “ይህንን አይቻለሁ” አለች። “ይህንን የዘጋሁት እኔ ነኝ።”

የቀኑን ግማሽ ፈጀባት። ከተተኮሰ ክር ውስጥ ክር ማውጣት ቀላል አይደለም፤ አንዱን ስባ ሌላውን እንዳትጎትት ትንፋሿን ይዛ፣ አንድ በአንድ። አላንጎራጎረችም። ሲያልቅ መስኮቱ ተከፈተ፤ ድሩ ብቻ፣ ብርሃን ያሳልፋል። ጠርዙ ላይ ያለውን የዚያን ቦታ ቀይ ክር በጥርሷ በጠሰችና ከመዳፏ ላይ አኖረችው። “ይህ ፊርማ አያስፈልገውም” አለች። ልጄ ሌላውን እንድትከፍት አልጠየቀቻትም። ቀዮቹንም ክሮች አትንኪያቸው አለቻት፤ እንደ ተንጠለጠሉ ይቅሩ።

ቅዳሜ እትዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ። ካፖርቱን የለበሰችው ልጅ መጨረሻ ላይ ወጣች። ሃያ አንድ ቀይ ክር ጠርዙ ላይ ይወዛወዛል፣ ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት ቀዳዳ ብቻ። ከመምህራኑ አንዷ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ትልቅ ሴት፣ ልጄን ጠርተው ጠየቋት። “በሥራ ዕቅድሽ ላይ ሃያ ሁለት ቀዳዳ ብለሽ ነበር። ምን ሆነ?”

“አክስቴ ደፈነቻቸው” አለች ልጄ። “ቀዩ የእሷ ፊርማ ነው። ሲወጡ ያላየቻቸውን ሰዎች ሄደዋል አልልም አለች። የከፈተችው የራሷን ብቻ ነው።”

ሴትዮዋ ካፖርቱን በእጃቸው ያዙና ረጅም ጊዜ ዳሰሱት። የተደፈነበትን አላገኙትም። ልጄ ሦስተኛ ሆና ተመረጠች። ሦስተኛም ያው ነው፤ የሽመና ክፍሉ በር ለሦስቱም አንድ ነው የሚከፈተው። እኔ እልል ልል ስነሳ እትዬ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። “የአንደኛዋ ልጅ ልብስ ጫፉ ተጣሟል፣ አላዩትም” አለች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን የልጄን ክንድ ይዛ አልለቀቀቻትም።

እሁድ ጠዋት ሻይ ስጠጣ እትዬ ከክፍሏ ወጣች። የቆርቆሮ ሻንጣው ክዳን ከኋላዋ ተከፍቶ ይታየኛል። ሹራቧን ክንዷ ላይ ጥላዋለች።

“ያ ምስማር አለሽ?” አለችኝ።

“የቱ ምስማር?”

“ስድስት ዓመት ሙሉ ልምታልሽ የምትዪው። ወይስ ወሬ ብቻ ነው?”

መዶሻውን ፈልጌ ከበሩ ጀርባ መታሁት። ቀጥ ብሎ አልገባም። እትዬ ጠጋ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ዳሰሰችው።

“አጣመምሽው” አለችና ሹራቧን ሰቀለችበት።